ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ጨረሩን ማን ያግደዋል?

አንድ ዓይናቸውን ብቻ ሞራ ያስገፈፉ አዛውንት ነጭ ነጠላ ዘርግተው ዓይኖቻቸውን በየተራ ቢጨፍኑ የሚያስገርም ነገር ያያሉ። ገና ኦፕራሲዮን ባልተደረገው ዓይን ነጠላው ወደ ቢጫና ቡናማ ያደላል። በታከመው ዓይን ግን ንጣቱ ፍንትው ብሎ፣ እንዲያውም ሰማያዊ ነክቶት ይታያል። ነጠላው ያው ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ የሚያልፍበት ሌንስ ነው።

ሐኪሙ ያወጣው የተፈጥሮ ሌንስ ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሥራ ሲሠራ ኖሯል። አንዱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብርሃንን ሰብስቦ ከዓይን በስተጀርባ ባለው ሬቲና ላይ ያሳርፋል። ሁለተኛው ሥራው ብዙም አይወራለትም። ሌንሱ ጨረር ያግዳል። ብርሃን በናኖሜትር ሲለካ የምናየው ከ400 እስከ 700 ገደማ ያለውን ነው፤ ከ400 በታች ያለው የማይታየው አልትራቫዮሌት ነው። ከ300 ናኖሜትር በታች ያለውን አብዛኛውን የዓይን የፊት ሽፋን የሆነው ኮርኒያ ያስቀረዋል። ከ300 እስከ 400 ያለውን በአዋቂ ሰው ዓይን የሚያስቀረው ግን ሌንሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሌንሱ ቢጫ እየሆነ ይሄድና ከሚታየው ብርሃን ሰማያዊውንም እየቀነሰ ያሳልፋል። ስለዚህ ሞራ የለበሰውን ሌንስ አውጥቶ መጣል ማየትን ይመልሳል፤ ሬቲናን ግን ያለ ከለላ ያስቀራል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ይህን በራሱ ዓይን አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1923 የቀኝ ዓይኑ ሌንስ ሲወጣለት የሚተካ ሌንስ በዓለም ላይ ገና አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆነብኝ እያለ ያማርር ነበር፤ ቀለማቱ እንዲስተካከሉለትም ቢጫ መነጽር እስከ ማድረግ ደርሷል። ሌንስ የሌለው ዓይን ሌላው ሰው የማያየውን የአልትራቫዮሌት ጠርዝ እንኳ ሊያይ ይችላል።

የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ ያስገባው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ኅዳር 1949፣ ቦታው ለንደን የሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል። ሪድሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸውን አብራሪዎች ሲመረምር፣ ዓይን ያንን ፕላስቲክ እንደ ባዕድ አካል አለመቃወሙን አስተውሎ ነበር። ሌንሱንም ከዚያው ዓይነት አክሪሊክ አሠራው። ይህ ፕላስቲክ ጥርት ያለ ነው፤ ጥርት ከማለቱም የተነሣ አልትራቫዮሌቱንም አብዛኛውን ሳይከለክል ያሳልፋል። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ ብዙ ሕመምተኞች የገባላቸው ሌንስ ብርሃን የሚሰበስብ እንጂ ጨረር የሚያግድ አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከኬሚስቶች ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። ሌንሱ ሲሠራ ቤንዞትራያዞል ከሚባሉት ውሁዶች ጥቂት ይጨመርበታል። የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታው በሞለኪዩሉ ውስጥ አንድ የሃይድሮጂን ፕሮቶን ከቦታው ዘሎ ወዲያው ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት የጨረሩ ኃይል ወደ ኢምንት ሙቀት ተለውጦ ያልቃል፤ ሞለኪዩሉም ሳይጎዳ ቀጣዩን ጨረር ይጠብቃል። ውሁዱ በሌንሱ ላይ የተቀባ አይደለም። ከፕላስቲኩ ሰንሰለት ጋር በኬሚካል ስለሚተሳሰር ለዓመታት ዓይን ውስጥ ሲቀመጥ አይታጠብም፣ አይፈስም። ይህ ማጣሪያ ቀለም የለውም፤ ሌንሱ ጥርት ብሎ ይታያል።

ቢጫ ሌንስ የሚባለው ሌላ ዓይነት ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ከአልትራቫዮሌት ማገጃው በተጨማሪ ቢጫ ቀለም ይዋሃደውና ከ400 እስከ 500 ናኖሜትር ካለው ሰማያዊ ብርሃን ከፊሉን ይይዛል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ በአሜሪካ ደግሞ የአልኮን ኩባንያ አክሪሶፍ ናቹራል በ2003 ተፈቀደ። መነሻው ምክንያታዊ ነው፤ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን፣ በተለይ 440 ናኖሜትር አካባቢ ያለው፣ ሬቲናን እንደሚጎዳ ታይቷል። የዕለት ተዕለት ብርሃን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው የኮክሬን ተቋም ግምገማ 51 ጥናቶችን መርምሮ ቢጫው ሌንስ የሬቲናን ማዕከል ከበሽታ እንደሚጠብቅ የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም።

ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ ጠላት ብቻ አይደለም። በድንግዝግዝ የምናይባቸው ሕዋሳት በይበልጥ የሚነቁት ወደ 500 ናኖሜትር በሚጠጋው ብርሃን ነው። ቀኑ መንጋቱን ለአንጎል እያሳወቁ እንቅልፋችንን የሚያስተካክሉት ሕዋሳትም በ480 አካባቢ ያለውን ይፈልጋሉ። ቢጫው ሌንስ ከዚህ ጥቂት ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ሞራ ከለበሰው የአዛውንት ሌንስ ይልቅ እጅግ ብዙ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የሚፈራ አይደለም። በእኔ ሚዛን አልትራቫዮሌት ማገጃው የግድ ነው፤ ቢጫው ግን ምርጫ ነው፣ ተጨማሪ ገንዘብ ሊያስወጣ የሚገባም አይመስለኝም።

ለእኛ ነገሩ የቅርብ ነው። በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ምክንያት የያዘው የዓይን ሞራ ነበር። አልትራቫዮሌት ደግሞ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጠነክራል፤ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ሌንሱ የሚጠብቀው ከጀርባው ያለውን ሬቲና ብቻ እንጂ ኮርኒያንና የዓይን ቆብን አይደለምና፣ ከኦፕራሲዮን በኋላም ባርኔጣና አልትራቫዮሌት የሚያግድ መነጽር አይጣሉ።

እናትዎን ወይም አባትዎን ሞራ ሊያስገፍፉ ሲወስዱ ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «የሚገባላቸው ሌንስ አልትራቫዮሌት ያግዳል ወይ?» ይበሉ። የሌንሱ ዓይነትና ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት ከማሸጊያው ጋር ይመጣልና አንዱን ተቀብለው ከሕክምና ካርዳቸው ጋር ያስቀምጡት። ሁለተኛው ዓይን በሚታከምበት ቀን ሐኪሙ ይፈልገዋል።