ከደንገል ታንኳ እስከ ዊንድሰርፍ ሰሌዳ፤ ፍጥነትና መረጋጋት ለምን አይስማሙም?

በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች ያደገ ተማሪ ውሃ ሲባል ቀድሞ የሚያስታውሰው የቦዬን ረግረግ፣ አዌቱንና ጊቤን እንጂ ሰፊ ሐይቅን አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ ግን በአሰንዳቦ አቅራቢያ ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አስከተለ። ሐይቅ ባለበት የሚንሳፈፍ ነገር አይጠፋም፤ የሚንሳፈፍ ነገር ደግሞ ሁለት ጥያቄዎችን ያስነሣል። ይገለበጣል ወይ? ይፈጥናልስ ወይ?

ሁለቱ ጥያቄዎች ጎልተው የሚታዩት በዊንድሰርፍ ሰሌዳ ላይ ነው። ይህ አንድ ሰው ቆሞ የሚነዳው፣ ሸራና ምሰሶ ያለው ሰሌዳ ነው። መሪ የለውም፤ ምሰሶው በሁሉም አቅጣጫ ስለሚዘነበል ነጂው ሸራውን ወደ ፊት ሲያዘነብል ሰሌዳው ከነፋሱ ይርቃል፣ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ወደ ነፋሱ ይዞራል።

በመጀመሪያ አርኪሜደስን እናስታውስ። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ 17 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ሰሌዳና ሸራ ጋር 82 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ለመንሳፈፍም 82 ሊትር ያህል ጨው አልባ ውሃ መግፋት አለበት። ይዘቱ 120 ሊትር የሆነ ሰሌዳ ቆሞም ይሸከመዋል። 75 ሊትር የሆነው ግን ቆሞ ሳለ ይሰምጣል፤ የሚያነሣው ሲሮጥ ወደ ታች የሚገፋው ውሃ ነው። ስለዚህ ትንሹ ሰሌዳ ለጀማሪ የሚሆን አይደለም፤ ፍጥነት ከሌለው መቆሚያም የለውምና።

መረጋጋትን በተመለከተ ወሳኙ ስፋት ነው። ርዝመቱ ሳይለወጥ አንድ ሰሌዳ ወደ ጎን ለመዘንበል የሚያሳየው ተቃውሞ ከስፋቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር ያድጋል። 90 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው 60 ሴንቲ ሜትር ከሚሰፋው በ1.5 እጥፍ ብቻ ይበልጣል፤ ተቃውሞው ግን 3.4 እጥፍ ገደማ ነው። ይኸው በጎነት በመታጠፊያ ላይ ዕዳ ይሆናል፤ ሰሌዳ የሚታጠፈው በጠርዙ ላይ ሲዘነበል ነውና ሰፊው ይለግማል። ለሞገድ የሚሠራው አጭር ሰሌዳ ከፊትና ከኋላ ወደ ላይ የታጠፈ በመሆኑ እንደ ፌንጣ ይዞራል፣ ነገር ግን ውሃውን እያረሰ ስለሚሄድ ፍጥነት ያጣል። ለውድድር የሚሠራው ሆዱ ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ነው፤ ይፈጥናል፣ ድንገተኛ መታጠፍን ግን አይወድም። ሰፊ ሰሌዳ ሁሉ ዘገምተኛ ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው፤ ለስላሳ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን በውሃው ላይ ቀድሞ መንሸራተት የሚጀምረው ሰፊው ነው።

ይህ «መንሸራተት» የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ማንኛውም ጀልባ ውሃን ሲገፋ ሞገድ ይፈጥራል፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ሞገዱም ይረዝማል። የሞገዱ ርዝመት ከጀልባው ርዝመት ጋር ሲተካከል ጀልባው ራሱ የሠራውን ዳገት መውጣት ይገደዳል። ይህ የሚሆነው በሜትር በሰከንድ ሲለካ ከርዝመቱ ዳግም ዘር 1.25 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት ላይ ነው። አራት ሜትር ለሚረዝም ታንኳ ወሰኑ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር፣ 2.4 ሜትር ለሚረዝም ሰሌዳ ደግሞ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይሁንና ፈረንሳዊው አንትዋን አልቦ እ.ኤ.አ. በ2015 በናሚቢያ ሉደሪትዝ በሰዓት ከ98 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጧል። ሰሌዳው ቀላል፣ የሸራው ጉልበት ደግሞ ብርቱ ስለሆነ ዳገቱን ወጥቶ ከላዩ ይንሸራተታል።

በእኛ ደጋማ ሐይቆች ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ያህል ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ የአየር እፍግታ ከባሕር ዳርቻው በ16 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ የውሃው እፍግታ ግን በከፍታ ምክንያት አይቀንስም። በባሕር ዳርቻ 5 ካሬ ሜትር ሸራ የሚበቃው ሰው በዚያው ነፋስ እዚህ 6 ካሬ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል።

የነገደ ወይጦ ሠሪዎች የሚታወቁበት የጣና ታንኳ ከዚህ ሁሉ ሩጫ ውጭ ነው። በቀዛፊ ክንድ ዳገቱን መውጣት አይታሰብም፤ ደንገሉም ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ነገር ግን የሚያንሳፍፈው አየር በራሱ በደንገሉ ውስጥ ያለ በመሆኑ ውሃ ቢገባበትም ወዲያው አይሰምጥም። ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1970 ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ የደረሰባት «ራ ሁለት» የታሰረችው ከኢትዮጵያ በተወሰደ ደንገል ነበር።

ከብረት የተሠራ ጀልባ ይህ ዋስትና የለውም፤ የሚያንሳፍፈው በጎድጓዳው ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው። ተሳፋሪዎች ሲቆሙ የክብደቱ ማእከል ከፍ ይላል፤ የገባውም ውሃ ወደ ዘመመበት ጎን እየፈሰሰ ዘመሙን ያባብሰዋል። በዚያች ሰዓት የሚጠቅመው ዝቅ ብሎ መቀመጥና ውሃውን ሳይዘገዩ ቀድቶ ማፍሰስ ነው።