«ኔትወርኩ ደክሟል» ከማለትዎ በፊት፦ በደማምና በአል ኮበር የቤት ዋይፋይን ማስተካከል

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በደማም ሴይኮ አካባቢ ወይም በአል ኮበር ቱቅባ ሰፈር፣ የሀገራችን ልጆች ተሰባስበው ወደተከራዩት ቤት የገባ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይሰማል። «ሃሎ! እማ፣ ይሰማሻል? ምስልሽ እኮ ቆሟል!» አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ወደ መስኮት ይሄዳል፣ ሌላው ወደ ኮሪደር ይወጣል፣ ሦስተኛው ኢሞን ዘግቶ ዋትስአፕ ይከፍታል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ የቴሌ ድርጅቱን ይረግማሉ።

አንዳንዴ እውነት አላቸው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተወሽቋል፤ ተገዝቶ ሲመጣ የነበረው የይለፍ ቃል አልተቀየረም፤ ያም የይለፍ ቃል በግማሹ ሕንጻ ተሰራጭቷል። እኔ የቴሌኮም መሐንዲስ አይደለሁም። በጓደኞቼ ቤት እየዞርኩ ራውተር ስነካካ ግን ዓመታት ስላለፉ፣ የተማርኩትን (አንዳንዱን በራሴ ስህተት) እነሆ።

ነገሩ ቀላል መዝናኛ እንዳልሆነ በሳዑዲ የቆየ ሰው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቫይበር ሲዘጋ፣ ወደ ሀገር ቤት መደወል ማለት የካርድ ሒሳብ እየቆጠሩ በጥድፊያ ማውራት ነበር። በኢንተርኔት የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ማድረግ በይፋ የተፈቀደው በ2017 ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁን በሁለት ዓመቱ ትቶ የመጣ አባት፣ ልጁ ፊደል ሲቆጥር በስልክ መስኮት ያያል። ያ መስኮት የተንጠለጠለው በአንድ ትንሽ ሳጥን ላይ ነው።

በመጀመሪያ የያዙት ሳጥን የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። አንደኛው ከግድግዳው በሚወጣ የፋይበር ሽቦ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ሲም ካርድ ገብቶበት ከማማ በአየር የሚቀበለው የ4ጂ ወይም የ5ጂ ራውተር ነው። ቤት ቶሎ ቶሎ የሚቀይሩ ሰዎች የሚመርጡት ሁለተኛውን ነው፤ ነቅለው ይዘውት ይሄዳሉና። ኤስቲሲ፣ ሞባይሊና ዜይን ሁለቱንም ዓይነት ይሸጣሉ።

የሲም ካርዱ ራውተር ቦታ ይመርጣል። ሁለት ሥራ አለበት፤ ከማማው መቀበልና ለስልኮቹ ማከፋፈል። የመጀመሪያው ከደከመ ሁለተኛው ምንም ቢያምር ዋጋ የለውም። ስለዚህ በየመስኮቱ አሥር አሥር ደቂቃ እያስቀመጡ በስፒድቴስት ፍጥነቱን ይለኩ። ጠዋት ሳይሆን ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ይለኩ። ወደ እርስዎ የሚመጣውን ብቻ አይዩ፤ ከእርስዎ የሚወጣውንም ይመልከቱ። እናትዎ ፊትዎን የሚያዩት በሚወጣው ነው፤ በእነዚህ ራውተሮች ደግሞ የሚወጣው ከሚመጣው በጣም ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ የባሕረ ሰላጤውን ኑሮ የሚያውቅ ብቻ የሚረዳው አንድ ነገር አለ። ለሙቀቱ ሲባል በብዙ ቤቶች መስኮት ላይ የአሉሚኒየም ፎይል ይለጠፋል። ፎይሉ ፀሐይን ይመልሳል፤ የማማውን ሲግናልም እንደዚያው ይመልሳል። አንድ ጊዜ ደማም ውስጥ ግማሽ ቀን ሲያንገላታን የዋለ ራውተር፣ መዳፍ የሚያህል ፎይል ከመስኮቱ ጥግ ላይ ስንቀድ ነፍስ ዘራ። ይሁን እንጂ «መስኮት ጥሩ ነው» ተብሎ ራውተሩን ፀሐይ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ማስጣትም አይገባም። አብዛኞቹ ራውተሮች የተሠሩት እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ ሙቀት ነው፤ የደማም ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ሳጥኑ ሲግል ራሱን ያዘገያል ወይም ይጠፋል። ጥላ ያለው፣ የኤሲው ንፋስ የሚደርሰው የመስኮት ዳር ይበቃል።

የፋይበሩ ራውተር ችግር ሌላ ነው። ሽቦው በገባበት ይቀራል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ሳሎን ጥግ፣ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ነው። የዚህ አገር ግድግዳ ብሎኬትና ኮንክሪት በመሆኑ ሲግናሉን ይውጠዋል። ፍሪጅ፣ ትልቅ መስታወትና የውሃ ታንከርም እንደዚያው ናቸው። ረዘም ያለ ሽቦ አስገብቶ ራውተሩን ወደ ኮሪደሩ መሐል፣ ከወለል ከፍ አድርጎ መስቀል ከማንኛውም «የሲግናል ማጠናከሪያ» አፕ ይሻላል። እነዚያን አፖች ባያወርዱ ይመረጣል፤ ስልክዎ ውስጥ ያለ አፕ ግድግዳ አያፈርስም።

ስለ መሰኪያውም አንድ ቃል። በቆዩ ሕንጻዎች ሁለት ዓይነት መብራት አለ፤ 127 እና 220 ቮልት። የራውተሩ አዳፕተር ላይ 100-240 የሚል ከተጻፈ የትም ይሰኩት። ከሌላ ዕቃ የተበደሩት አዳፕተር ከሆነ ግን ጽሑፉን ሳያነቡ አይሰኩ።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። እዚያ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፣ የመቆጣጠሪያ ገጹ አድራሻ፣ የመግቢያ ስምና ሌላ የይለፍ ቃል ይገኛሉ። ብዙ ሰው ሁለቱን የይለፍ ቃሎች ያምታታል። አንዱ ዋይፋይ ለመጠቀም ነው፤ ሌላው ራውተሩን ለማዘዝ ነው።

ስልክዎን ከዋይፋዩ ጋር ያገናኙ፤ የሞባይል ዳታዎን ያጥፉ። ዳታው ካልጠፋ ስልኩ በራሱ ፈቃድ ወደዚያ ይሄድና ገጹ አልከፍት ይላል። ከዚያ ብራውዘር ከፍተው ከላይ በአድራሻው ቦታ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ወይም 192.168.8.1 ነው። ገጹ በዓረብኛ ቢመጣ አይደንግጡ፤ ከላይ ጥግ ላይ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሪያ አለው።

ሁለት የዋይፋይ ስሞች ሊያዩ ይችላሉ፤ አንዱ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ሌላው 5 ጊጋኸርዝ። ይህኛው ከሞባይሉ 5ጂ ጋር ስሙ ብቻ ይመሳሰላል እንጂ ግንኙነት የለውም። 2.4 ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም ያልፋል፤ ግን ዝግተኛ ነው፤ በቱቅባ ባሉ የተጠጋጉ ሕንጻዎች ውስጥ የጎረቤት ሁሉ ራውተር እዚያው ላይ ስለሚጮህ ገበያ ይመስላል። 5 ፈጣን ነው፤ ግን ከሁለተኛው ግድግዳ በኋላ ይደክማል። ራውተሩ ባለበት ክፍል የሚተኛ ሰው 5ን ይያዝ፤ ዳር ክፍል ያለው 2.4ን። የ2.4ን ቻናል በእጅ መምረጥ ካስፈለገ 1፣ 6 ወይም 11 ይሁን፤ እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ከዚያ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ የመቆጣጠሪያውንም ጭምር። ከ12 ፊደልና ቁጥር ያላነሰ ይሁን። የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ተጽፈው ሲገጣጠሙ ለእርስዎ ለማስታወስ ቀላል፣ ለጎረቤት ለመገመት ከባድ ናቸው፤ የስልክ ቁጥርዎ ግን የመጀመሪያው ግምት ነው። የጥበቃው ዓይነት ደብልዩፒኤ 2 ወይም 3 መሆኑን ይዩ፤ ስልክዎ አሮጌ ከሆነ 2 ይበቃል። በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን ደብልዩፒኤስ ያጥፉት።

እዚያው ገጽ ላይ የተገናኙ ስልኮች ዝርዝር አለ። እኔ ባየሁት አንድ ቤት ነዋሪዎቹ ሰባት ነበሩ፤ ዝርዝሩ ላይ ግን 19 ስልክ ነበር። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል፤ የሚወጣውና የሚገባው ሲደመር 900። ሰባት ሰዎች በቀን አንድ አንድ ሰዓት ቢያወሩ በወር 189 ጊጋባይት ይሆናል፤ ያውም ፊልም ሳይታይ። የማያውቋቸው 12 ስልኮች ሲጨመሩ ምን እንደሚሆን ይገምቱ። «ያልተገደበ» የተባለ ጥቅልም ቢሆን ውሉ ውስጥ ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነት እንደሚቀንስ የሚገልጽ አንቀጽ ሊኖረው ይችላልና፣ ሳይፈርሙ ያስነብቡት።

ከፍጥነቱ የሚከብደው ግን የስሙ ጉዳይ ነው። ከ2016 ጀምሮ በሳዑዲ ሲም ካርድ የሚወጣው በጣት አሻራ ነው፤ መስመሩም በአንድ ሰው ኢቃማ ይመዘገባል። ኢቃማ የሌለው ወንድም መስመር ማውጣት ስለማይችል የጓደኛውን ይለምናል። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እኔም አልፈርድም። ነገር ግን በ2007 የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ ለከባዶቹ ጥፋቶች እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ይዟል። ከመስመሩ አንድ መጥፎ ነገር ቢወጣ፣ መዝገቡ ላይ መጀመሪያ የሚገኘው ስም የጎረቤቱ ሳይሆን የባለ ኢቃማው ነው። የይለፍ ቃሉን በወር ሒሳብ ለሕንጻው መሸጥማ ጨርሶ አይነካም፤ ያለፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው። ከቤቱ ሰው ሲወጣ በዚያው ቀን የይለፍ ቃሉን መቀየር እንደ ቁልፍ መቀበል ይቆጠር። ለመጣ እንግዳ ደግሞ የእንግዳ ኔትወርክ የሚባለውን ከፍቶ መስጠት፣ ሲሄድም መዝጋት ይቻላል።

ኮንትራት ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ጉዳይ ሌላ ነው። ራውተሩ የመዳም ነው፤ ታች ሳሎን ተቀምጧል። የሠራተኛዋ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ጣሪያው ላይ ወይም ከልብስ ማጠቢያው ጎን ነው፤ በመካከል ሁለት የኮንክሪት ወለል አለ። የሲግናል ማስተላለፊያ ለመግዛት ፈቃደኛ ቤተሰብ ካለ፣ ዕቃው መሰካት ያለበት ሲግናል በሌለበት ክፍል ውስጥ ሳይሆን ገና በግማሽ በሚደርስበት ደረጃው ላይ ነው። የሌለውን ሊያስተላልፍ አይችልም። መግዛት ካልተፈለገ፣ ከደረጃው አናት ላይ ሆኖ በ2.4 መደወል ከክፍሉ ይሻላል።

«ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው» ስትባሉ ደግሞ ሽቦውን ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ። ከኋላ ያለችውን መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ በፍጹም እንዳትነኩ። እሷ የምታጠፋው የተሞላውን መረጃ ሁሉ ነው። ይህን የተማርኩት በጋራ ቤታችን ሐሙስ ማታ «ላስተካክለው» ብዬ ቀዳዳዋን ስጫን ነው። የፋይበሩ መግቢያ ስምና ቁጥር ጠፋ፤ ድርጅቱ እስኪመልስልን እሑድ ደረሰ። ዓርብን ያለ ኢንተርኔት ያሳለፉት የቤቱ ልጆች እስከ ዛሬ አልረሱልኝም።

ሁሉንም አድርገው አሁንም ምስሉ ከቆመ፣ ቀላል መፈተኛ አለ። እዚያው ቤት ሆነው ሪያድ ወይም ጅዳ ላለ ሰው በቪዲዮ ይደውሉ። ጥርት ብሎ ከታየ ራውተርዎ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ መንገድ ላይ ወይም ከዚያ ወገን ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት የኢንተርኔት መስመሯ በጎረቤት አገሮች በኩል ነው የሚገባው። ከዚያም አልፎ በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የከሚሴና የባቲ ልጆች ደማም ውስጥ ራውተር ሲያጠፉና ሲያበሩ ከርመዋል። የትኛውም ሳጥን ያን አይፈታም፤ ወደ መደበኛው የስልክ ጥሪ ነበር የተመለሱት። ቤተሰብ ያለበት ቦታ ኢንተርኔቱ ደካማ ብቻ ከሆነ፣ ምስሉን አጥፍቶ በድምፅ ማውራት ጥሪውን ያተርፋል።

ፈተናው ጥፋቱን በድርጅቱ ላይ ካሳየ ደግሞ ይደውሉና የአቤቱታ ቁጥር ይቀበሉ፤ ያለ ቁጥር የተነገረ አቤቱታ እንዳልተነገረ ነው። መልስ ካጡ ቁጥሩን ይዘው ወደ ኮሙኒኬሽን፣ ስፔስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በ19966 መደወል ይችላሉ።

ጠቅልለው ወደ ሀገር የሚገቡ ከሆነ መስመሩን ዝም ብለው ጥለው አይሂዱ። ያልተከፈለ የቴሌ ሒሳብ ሲማህ በሚባለው የብድር መረጃ ድርጅት በስምዎ ሊመዘገብና ተመልሰው ሲመጡ ሊጠብቅዎት ይችላል። ውሉን ይዝጉ፤ የተዘጋበትን መልእክት ስልክዎ ላይ ያስቀሩ። ራውተሩን ለጓደኛ ከመሸጥዎ በፊት ሲሙን ያውጡ፤ ያን ጊዜ ነው ያቺን ቀዳዳ በመርፌ አሥር ሰከንድ ያህል ይዘው የሚጫኑት።