የወለቃ የሸክላ ምስሎች

ከጎንደር ወጥቶ ወደ ደባርቅ የሚያደርሰውን መንገድ የያዘ ሰው፣ ዐፄ ፋሲል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ከቆረቆሩት መናገሻ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይርቅ፣ በመንገዱ ዳር የተደረደሩ ጥቁርና ቀይ የሸክላ ምስሎች ሲያጋጥሙት ወለቃ መድረሱን ያውቃል። ብዙዎቹ በመዳፍ የሚያዙ ትንንሾች ናቸው፤ ከአንበሳው፣ እንስራ ካዘለችው ሴትና መጽሐፉን ከዘረጋው ካህን ይልቅ ግን የእንግዳውን ዓይን የሚይዘው፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ተጋድመው፣ እስከ አንገታቸው ተሸፍነው፣ ክብ ፊታቸውን ብቻ ወደ ሰማይ አቅንተው የሚታዩበት ምስል ነው።

ይህ ጥበበ እድ የቤተ እስራኤል ሴቶች ግብር ነበር። በብዙ ስፍራ ርስት ተከልክለው በሰው መሬት የሚኖሩት ቤተ እስራኤል፣ ወንዶቹ ብረት እየቀጠቀጡና እየሸመኑ፣ ሴቶቹም ሸክላ እየሠሩ ኑሯቸውን ሲገፉ፣ ጎረቤታቸው ገበሬ በእነርሱ ማረሻ ያርስ፣ ሚስቱም በእነርሱ ጀበና ቡና ታፈላ ነበር፤ ነገር ግን ማረሻውንና ጀበናውን ተቀብሎ የሠሪውን ዓይን ‹‹ቡዳ›› ብሎ መፍራት፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከደጋው ሰው ልማድ ሁሉ ፍርደ ገምድል የሆነው ነው።

የአሠራሩ ሥርዓት ለጀበናውም ለምስሉም አንድ ነው። አፈሩ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከተፈጨ ገል ጋር ተለውሶ እስኪላላ ይታሻል፤ የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም፤ ሴቲቱ ጭቃውን እያድበለበለች፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበች፣ በእጇ ብቻ ታቆመዋለች። በጥላ ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ጠጠር እስኪያበራ ይፈተጋል፣ ዓይኑም በስንጥር ጫፍ ይወጋል፤ ከዚያም በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ይተኮሳል። ጥቁረቱ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ እሳቱ በታፈነ ጊዜ ጢሱ ወደ ሸክላው ሰርጎ የሚተወው ነው። ቀጫጭን አካል በእሳት ቶሎ ይሰነጠቃልና፣ የሴቲቱ ክንድ ከእንስራው፣ የካህኑም እጅ ከመጽሐፉ ጋር ተጣብቆ መሠራቱ ለውበት ብቻ አይመስለኝም።

ብዙ እንግዳ ምስሎቹን የጥንተ ዘመን ቅርስ መስለውት ይገዛቸዋል፤ ዳሩ ግን ምስሉ የጀበናው የልጅ ልጅ ነው፤ የተስፋፋውም በ20ኛው መቶ ዓመት፣ የውጭ አገር ሰዎች መንደሩን መጎብኘት ካዘወተሩ ወዲህ ነው። ኦሪትን አጥብቆ የሚጠብቅ ሕዝብ የተቀረጸ ምስል ለገበያ ማቅረቡ ያስደንቅ ይሆናል፤ ሆኖም ለስግደት ያልቆመ፣ ለመሸጥ ብቻ የተበጀ ነውና ትእዛዙን ተላለፉ አያሰኝም። እንዲያውም ክብረ ነገሥት የነገሥታቱ ዘውድ መሠረት ያደረገውን ታሪክ፣ ርስት የተነፈገች ሸክላ ሠሪ አልጋ ላይ አስተኝታ ለመንገደኛ መሸጧ ረቂቅ ቀልድ ይመስለኛል።

ሰብስበው ሊያኖሩት የሚገዛ አሻንጉሊት በሌላውም ዓለም አለ። የጃፓኑ ኩባንያ ታካራ ከሠራቸው መጫወቻዎች ተነሥቶ የአሜሪካው ሀስብሮ በ1984 ‹‹ትራንስፎርመርስ›› ብሎ ለገበያ ያወጣቸውን ሮቦቶች፣ በ1986 ከተጨመሩትም መካከል አካሉ ሲተጣጠፍ ነበልባል የተሣለበት ፈጣን መኪና የሚሆነውን ሆት ሮድን፣ ዛሬ ጎልማሶች ከነሣጥናቸው ያኖሯቸዋል። የወለቃም ምስል ለልጅ ጨዋታ የታሰበ አይደለም፤ ከወደቀ ይሰበራል።

በዚያው በ1984 መጨረሻ ‹‹የሙሴ ዘመቻ›› ቤተ እስራኤልን ከሱዳን ወደ እስራኤል ማጓጓዝ ጀመረ፤ በግንቦት 1991 ደግሞ ‹‹የሰሎሞን ዘመቻ›› በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ የሚበልጡትን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወሰደ፤ ወለቃም ከቀደሙት ባለእጆቿ ተራቆተች። ዛሬ በመንገዱ ዳር ሸክላ የሚሸጡት በአብዛኛው ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው የነበሩት ናቸው፤ የዳዊትን ኮከብ ግን አሁንም በጭቃው ላይ ይቀርጻሉ፤ ገዢው ይፈልገዋልና። ወደ እስራኤል የተሻገሩት ሸክላ ሠሪዎችም ሙያቸውን ፈጽመው አልተዉም፤ በዚያ የሚያበጁት ግን ጥለውት የመጡትን የመንደር ኑሮ ነው፤ የሚያዩትም የጎንደርን ደጋ ያልረገጡ የገዛ ልጆቻቸው ናቸው።