የጣና ነጭ ዓሣ ማጀት ከጉና ሥር ነው

ቤታ የሚባለውን የታይላንድ ዓሣ ቤቱ ውስጥ በመስታወት ገንዳ ለማርባት የሚነሳ ሰው ቶሎ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ወንድና ሴት አንድ ላይ ስለከተቱ ብቻ ጫጩት አይገኝም። ወንዱ ጠበኛ ነው። ሴቷ እንቁላል ያልያዘች እንደሆነ አሳድዶ ይነክሳታል፤ ማምለጫ ካጣችም ይገድላታል። ስለዚህ አስቀድሞ በመስታወት ከልሎ እንዲተያዩ ማድረግ፣ ውሃውን ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ፣ ጥልቀቱን ከአንድ ስንዝር በታች ማውረድ፣ ማዕበል የሚፈጥረውን ማጣሪያ ማጥፋት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲሟላ ወንዱ ከውሃው ገጽ አየር እየጎረሰ የአረፋ ጎጆ ይሠራል። ሴቷን አቅፏት ሲጠመዘዝ እንቁላሎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እሱም ተከትሎ በአፉ እየለቀመ አንድ በአንድ አረፋው ውስጥ ይሰካቸዋል። ውሃው ጥልቅ ከሆነ የወደቀውን ለቅሞ መመለስ ያቅተዋል። እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል፤ ሴቷ ወዲያው መውጣት አለባት፣ እሱም ጫጩቶቹ በራሳቸው መዋኘት ሲጀምሩ መውጣት አለበት። ገንዳው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዓሣው የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ እንቁላሉ የሚያርፍበት ቦታ ከተበላሸ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህ ሕግ ከመስታወት ገንዳ ወደ ጣና ሐይቅ ሲሻገር አይለወጥም፤ የሚለወጠው ስፋቱ ነው። የጣና ዓሣ አስጋሪዎች ነጭ ዓሣ ብለው በአንድ ስም የሚጠሩት ቤተሰብ በውስጡ ብዙ ዝርያ አለው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር አንዳንዶቹን መዝግቦ ነበር፤ በዚሁ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ደግሞ በሆላንዳውያን ተመራማሪዎች ጥናት ቢያንስ 15 ትልልቅ ዝርያዎች ተለይተዋል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሣ ለይቷቸው፣ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ሆነው በመልክም በአመጋገብም ተለያይተዋል። ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ መሆናቸው የሥነ ሕይወት ሰዎችን ያስደንቃል፤ የዚህ ወገን ዓሣ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውምና። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ይህን የሚመስል የዓሣ ቤተሰብ ነበር፤ እሱ ጠፍቶ የቀረው የጣናው ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ሐይቁ ውስጥ ያድጋሉ እንጂ ሐይቁ ውስጥ አይራቡም። ክረምቱ ሲገባ፣ በተለይ ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ በወንዞች አፍ ይሰበሰቡና ወደ ላይ ይወጣሉ። በምሥራቅ በኩል የሚወጡባቸው ዋና ወንዞች ጉማራና ሪብ ናቸው፤ ሁለቱም የሚነሱት ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው። የጉማራ ተፋሰስ እስቴን፣ ፋርጣን፣ ደራንና ፎገራን ያካልላል። ዓሣው የደፈረሰውንና ሜዳ ላይ የሚንቀረፈፈውን የፎገራን ውሃ አቋርጦ የሚፈልገው ጥርት ያለ፣ ቶሎ የሚፈስ፣ ታቹ ጠጠር የሆነ ገባር ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጠጠሩ መካከል ትጥላለች፤ ወንዱ ዘሩን ይረጭበታል፤ ከዚያ ሁለቱም ጥለውት ይሄዳሉ። እንደ ቤታ የሚጠብቅ አባት የለም። ቲላፒያ እንደሚባለው እንደ ቆሮሶ እናት እንቁላሉን በአፏ ይዛ የምትዞር የለችም። ሞግዚቱ ጠጠሩና በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ነጭ ዓሣ ሲባል የባሕር ዳርና የጎርጎራ ሀብት ብቻ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ማጀቱ ግን ከጉና ሥር መሆኑን የሚያነሳ ሰው ብዙ አይሰማም።

ቁጥሩ ማሽቆልቆሉ አከራካሪ አይደለም። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ያነጻጸሩ የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የትልልቁ ነጭ ዓሣ መጠን በክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ አግኝተውታል። ምክንያት ብለው በዋናነት የጠቀሱት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሞተር ጀልባ የተስፋፋውን፣ ዓሣው ለመራባት ሲሰበሰብ በወንዝ አፍ የሚዘረጋውን መረብ ነው። ነጭ ዓሣ እንደ ቆሮሶ በወራት ውስጥ ለመራባት አይደርስም፤ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት በጉማራ አፍ የሚያዘው እናት ዓሣ ለብዙ ዓመት አይተካም። በወንዙ ላይም ሌላ ጥፋት አለ፤ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ በመበተን ዓሣውን አደንዝዞ መልቀም የቆየ ልማድ ነው። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። መረቡ ግን አዋጅ አያነብም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ይቆየንና፣ ገበያው በጾም ወቅት እንደሚደራ የታወቀ ነው፤ የፍልሰታ ጾም ደግሞ የሚውለው ዓሣው እንቁላሉን ይዞ ወንዝ በሚወጣበት በነሐሴ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የመረቡ ከሆነ መረቡን ለሁለት ሦስት ወር መከልከል አይበቃም ወይ? የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃም እሱ ነው። ነገር ግን የቤታው ገንዳ ያስተማረንን እንዳንረሳ፤ እናቲቱን ማዳን አንድ ነገር ነው፣ እንቁላሉ ማረፊያ ማግኘቱ ሌላ ነው። የዓሣ እንቁላል ሕያው ነው፤ በዙሪያው ከሚያልፈው ውሃ ኦክስጅን ይስባል። በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት በደለል ሲደፈን ውሃው መተላለፉን ያቆምና እንቁላሉ ይታፈናል። ደለሉ ከየት መጣ ቢባል ከጉና ገደልና ተዳፋት ነው፤ ገብስና ድንች ለመዝራት ከታረሰው፣ ከብት ከጋጠው፣ እርከን ካልተሠራለት መሬት። በነሐሴ የጉማራን ድልድይ የሚሻገር ሰው የሚያየው ያ ቡናማ ውሃ የእስቴና የፋርጣ ማሳ አፈር ነው። በዚያ ላይ ለግንባታ ሲባል ከወንዙ አሸዋና ጠጠር በመኪና ይጫናል፤ በበጋ ደግሞ ገባሮቹ በመስኖ ፓምፕ ይመጠጣሉ። መረቡ ቢነሳና ጠጠሩ ቢጠፋ የዳነችው እናት ዓሣ እንቁላሏን ጭቃ ላይ ትደፋለች።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል፤ ዓሣ ከማይበላበት ከጉና ሥር ያለው ገበሬ ለባሕር ዳር ሆቴል ብሎ ለምን ማሳውን ይተው? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት ሲረዱ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው፤ የመሬቱ ጥበትና መሟጠጥ እዚያ ያለውን ሰው ለዕለት ጉርሱ ሲያስጨንቀው ኖሯል። መልሱ ግን በእጁ ነው፤ እንቁላሉን የሚያፍነው አፈር የገበሬው የራሱ ለም አፈር ነው። በሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ የሚሠራው እርከንና የሚከለለው ተራራ ዓሣውን ለማዳን ከሚያስፈልገው ሥራ ጋር አንድ ነው፤ ለዓሣው ተብሎ የሚጨመር ሸክም ጥቂት ነው። በእርግጥ እውነቱን ለመናገር ከጉና በስተምሥራቅና በስተደቡብ የሚወርደው የጋይንትና የስማዳ ውሃ አብዛኛው ወደ ተከዜ፣ በሽሎና ዓባይ እንጂ ወደ ጣና አይሄድም፤ ስለዚህ የስማዳን ሰው ሁሉ በነጭ ዓሣ መጥፋት መክሰስ ስህተት ነው። ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከተው ወደ ጉማራና ሪብ በሚያዘነብለው ወገን ያለውን እስቴንና ፋርጣን ነው። ለእነሱም ባዶ ምክር አይበቃም፤ ከሐይቁ ዓሣ የሚገኘው ገቢ ከላይ ተፋሰሱን ለሚጠብቀው የሚደርስበት መንገድ እስካልተበጀ ድረስ ጥያቄያቸው ትክክል ሆኖ ይቆያል።

ሌሎች ደግሞ ይህን ሁሉ ትተን በገንዳ እናርባው ይላሉ። ለቆሮሶ ይህ ይሠራል፤ ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ይራባል፣ እንዲያውም ቁጥሩ እየበዛ መጠኑ ማነሱ ነው የሚያስቸግረው። ነጭ ዓሣን ግን ተመራማሪዎች እንቁላሉን በእጅ ጨምቀው ከወንዴው ዘር ጋር አዋህደው ማስፈልፈል ቢችሉም፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ለመራባት የደረሰ ዓሣ የሚገኘው እዚያው ወንዝ አጠገብ፣ እዚያው ወር ነው። ገንዳው ለወንዙ ማገዣ እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም። ደግሞም አንድ ሁለቱን ዝርያ በገንዳ ብናተርፍ፣ እርስ በርስ ተለያይተው የኖሩትን የቀሩትን ሁሉ በገንዳ ማኖር የሚችል ተቋም የለንም።

ከመረቡና ከደለሉ ሌላ የግድብ ነገርም አለ፤ ሪብ ተገድቧል። 73 ሜትር ገደማ የሚቆመው ግድብ የፎገራን መስኖ ያጠጣል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ለሩዝና ለሽንኩርት አምራቹ ጥቅሙ አይካድም፤ ዓሣ ግን አይዘለውም። የቆመ ግድብ አይነሳምና ማድረግ የሚቻለው በነሐሴና በመስከረም ከግድቡ በታች በቂ ውሃ እንዲለቀቅ ማድረግ ነው። ጉማራም ለመስኖ ግድብ ከታሰቡት ወንዞች አንዱ ነው። የአማራ ክልል መንግሥት፣ የእስቴ፣ የፋርጣ፣ የደራና የፎገራ ወረዳዎች በዚህ ላይ ከመወሰናቸው በፊት የዓሣውን መንገድ በጥናታቸው ውስጥ ያስገቡ፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም በጉማራ አፍ መረብ እንዳይጣል፣ ከገባሮቹም ጠጠር እንዳይጫን ይከልክሉ፤ ክልከላውን የሚያስጠብቅ ሰውም ይመድቡ።