ገደል የተሻገረች ክር

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል የአገራችን ሰው። የዛሬው ታሪካችን አንዲት ቀጭን ክር ትልቅ ገደል እንዴት እንደተሻገረች ይነግረናል።

አሜሪካና ካናዳ ጎረቤት አገሮች ናቸው። በወሰናቸው ላይ ናያግራ የሚባል ወንዝ አለ። ወንዙ ከላይ ሲወረወር ትልቅ ፏፏቴ ይሆናል። እንደ ጢስ ዓባይ ሁሉ የውሃው ጭጋግ ከሩቅ ይታያል። ከፏፏቴው በታች ወንዙ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይሄዳል። በብርድ ወራት እዚያ ያለው ቅዝቃዜ ከደጋ ውርጭ ይብሳል። ጭጋጉ በዛፍና በድንጋይ ላይ አርፎ በረዶ ይሆናል።

ነገሩ የሆነው በ1840 ዓ.ም. ነው። በአገራችን ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ ገና አልነገሡም። ቻርለስ ኤሌት የሚባል መሐንዲስ በገደሉ ላይ ድልድይ እንዲሠራ ተቀጠረ። ገደሉ ከአፋፍ እስከ አፋፍ 240 ሜትር ያህል ነው። ታዲያ የመጀመሪያው ገመድ እንዴት ይሻገር? ቢወረውሩት አይደርስም። በጀልባ እንዳይጎትቱት፣ ከታች ያለው ውሃ ኃይለኛ ነው፤ በረዶም ይንሳፈፍበታል።

በዚያ አገር ልጆች በነፋስ የሚያበሩት፣ በረጅም ክር የታሰረ መጫወቻ አለ። ይህን መጫወቻ አብርሮ ክሩን ማዶ ለሚያደርስ ሰው የገንዘብ ሽልማት እንደሚሰጥ ተነገረ።

ሆማን ዋልሽ የሚባል የአሜሪካ ልጅ ተነሣ። ነፋሱ የሚመቸው ከካናዳ በኩል ስለነበር በጀልባ ተሻገረ። ወሩ ጥር ነው፤ ብርዱ ያንቀጠቅጣል። መጫወቻውን ለቀቀው፤ በረረ። ክሯ ግን በበረዶው ስለት ተበጠሰች። ይባስ ብሎ በረዶው ወንዙን ስለሞላው ጀልባው ቆመ። ልጁ ወደ ቤቱ መመለስ አቅቶት ለቀናት በሰው አገር ቆየ። ጀልባው ሲነሣ መጫወቻውን ፈልጎ አገኘና ጠገነው። እንደገናም አበረረው። አሁን ክሯ ማዶ ደረሰች፤ ሰዎች ያዟት።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተገኘ። በክሯ ጫፍ ወፈር ያለ ሲባጎ ታስሮ ተጎተተ። በሲባጎው ገመድ ተሳበ፤ በገመዱም የሽቦ ገመድ ተሳበ። በመጋቢት ወር ኤሌት በሽቦው ላይ የብረት ቅርጫት አንጠለጠለ። ማን ይሞክረው? ሌላ ሰው አላዘዘም፤ ራሱ ገባበት። ከገደሉ በላይ በአየር ላይ ሄዶ በደህና ደረሰ። ከእሱ በኋላ ሌላውም ሰው እየከፈለ ተሻገረ። በሐምሌ የእግረኛ ድልድይ ተከፈተ። በ1847 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት፣ በዚያው ቦታ ባቡር የሚያልፍበት ድልድይ ሥራ ጀመረ።

ዛሬም በናያግራ ሰው በሽቦ ላይ ይሄዳል፤ አሁን ግን ለደስታ ነው። በ2008 ዓ.ም. በካናዳ በኩል 670 ሜትር ያህል የሚረዝም ሽቦ ተዘረጋ። ይህ ሽቦ ገደሉን አያቋርጥም፤ በገደሉ ጎን ወደ ፏፏቴው አቅጣጫ ይወርዳል። ተሳፋሪው በጠንካራ ጠፍር ይታሰራል። ጠፍሩ በሽቦው ላይ በሚሽከረከር መዘውር ይንጠለጠላል። ሽቦው በአንድ ጫፍ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሞተር አያስፈልግም። ሰውን የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው።

በብርድ ቀን በእንዲህ ያለ ሽቦ ላይ ለሚሄድ ጥንቃቄ ያሻዋል። ሰው ሲፈጥን ነፋሱ የገላውን ሙቀት ይወስዳል። ልብስ በጭጋግ ከረጠበ ብርዱ ይብሳል። የደነዘዘ ጣትም በደንብ አይጨብጥም። ስለዚህ ደረቅና ወፍራም ልብስ፣ የእጅም ጓንት ያስፈልጋል። ጠፍሩንም ከመነሣት በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይገባል።

አንባቢያን ሆይ! ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት ክሯ ነበረች። ክሯም አንድ ጊዜ ተበጥሳለች። ልጁ «በቃኝ» ብሎ ቢቀር ሽልማቱን ባላገኘም ነበር። እናንተም «ሀ ሁ» ብላችሁ ጀምራችሁ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አነበባችሁ። ትምህርቱ በእርሻ ሥራ ወይም በሕመም ቢቋረጥ፣ ክሩን ቀጥሉት።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የመጀመሪያዋ ክር ለምን ተበጠሰች? ልጁስ ምን አደረገ?
2. መሐንዲሱ ራሱ ቀድሞ ቅርጫቱ ውስጥ መግባቱ ምን ያስተምራል?
3. በቀበሌያችሁ ከትንሽ ተነሥቶ ትልቅ የሆነ ሥራ አለ? ተነጋገሩበት።