የበረዶ ሸርተቴ ሊፍት ኦፕሬተር ሥራው ምንድን ነው?

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙም በማትርቀው ቁረይሻ ስለ ወቅታዊ ሥራ ማብራራት አያስፈልግም። ሰሊጥ በደረሰበት ሰሞን ካልታጨደ ፍሬው ረግፎ መሬት ላይ ይቀራል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብዙ እጅ ይፈለጋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራውም ሠራተኛውም ይበተናል። ድንበሩን ተሻግሮ በመተማና በሁመራ ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች ኑሮም በዚሁ ዑደት የታሰረ ነው።

ከዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች በሚርቁት የአልፕስና የሮኪ ተራሮች፣ ሠራተኛ የሚጠራውም የሚያሰናብተውም በረዶ ነው። የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛዎች በየዓመቱ ከሚቀጥሯቸው ወቅታዊ ሠራተኞች መካከል የሊፍት ኦፕሬተሮች ይገኙበታል። ብዙውን ጊዜ ቀደም ያለ ልምድ አይጠየቁም፤ ሥልጠናው የሚሰጠው እዚያው ነው። ይህም ሥራውን ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ያስመስለዋል።

ሊፍቱ በምሶሶዎች ላይ ያለማቋረጥ የሚዞር የብረት ገመድ ሲሆን፣ በገመዱ ላይ የተንጠለጠሉት ወንበሮች ሰዎችን ወደ ተራራው አናት ያደርሳሉ። የመጀመሪያው የወንበር ሊፍት በአውሮፓውያኑ 1936 በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት፣ ሰን ቫሊ በተባለ ስፍራ ሥራ ጀመረ። የነደፈው መሐንዲስ ጄምስ ከራን ሐሳቡን ያገኘው ሙዝ ወደ መርከብ ከሚጫንበት መሣሪያ ነው። የሙዝ ዘለላ ይንጠለጠልበት የነበረውን መንጠቆ በወንበር ተካው።

የኦፕሬተሩ ቀን የሚጀምረው እንግዶች ከመምጣታቸው አስቀድሞ ነው። የማቆሚያ ቁልፎችንና የስልክ መስመሩን ይፈትሻል፣ ከወንበሮቹ ላይ በረዶ ያራግፋል፣ መሳፈሪያውን በአካፋ ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ቆሞ ያያል። ሕፃን ልጅ በአግባቡ ተቀምጧል? የአንዷ ሴት ሻንጣ ወንበሩ ላይ ተጠላልፏል? ነፋሱ በርትቷል? አንዳች ነገር ካጠራጠረው ያዘገያል ወይም ያቆማል። ማታ ደግሞ የመጨረሻው ተሳፋሪ አናት ላይ መውረዱ ሳይረጋገጥ ሞተሩ አይጠፋም።

በእኔ እይታ የሥራው ክብደት ያለው በዚያች የማቆሚያ ቁልፍ ላይ ነው። በመጋቢት 2018 በጆርጂያ ጉዳውሪ አንድ የወንበር ሊፍት በድንገት በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ኋላ ሲንደረደር ተሳፋሪዎች ለማምለጥ ከወንበሩ ዘለሉ፤ በርካቶችም ቆሰሉ።

ከዚህም የከፋው ግንቦት 2021 በጣሊያን ሞታሮኔ ተራራ ደረሰ። የኬብል መኪና ጎታች ገመድ ተበጥሶ 14 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈው አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ብቻ ነበር። መርማሪዎች እንዳሉት የአደጋ ጊዜ ፍሬኑ አገልግሎቱ እንዳይስተጓጎል ሲባል ሆን ተብሎ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር። ወረፋ ረዝሞ፣ ከፋዩ እያጉረመረመ፣ አለቃው ሰዓት እያየ ማሽኑን ማቆም ከቁልፍ መጫን በላይ ነው። ለጥቂት ወራት ብቻ ለተቀጠረ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል።

ክፍያውስ? ግዙፉ የአሜሪካ ኩባንያ ቬይል ሪዞርትስ ከ2022/23 የበረዶ ወቅት ጀምሮ ዝቅተኛውን ክፍያ በሰዓት 20 ዶላር አድርጓል። ቁጥሩ በድንበር አካባቢ ላለ ወጣት ያጓጓ ይሆናል፤ ነገር ግን በተራራ ከተሞች የቤት ኪራይ እጅግ ውድ ነው። ከውጭ አገር ከሚመጡት ብዙዎቹም ለተማሪዎች በሚሰጥ ጊዜያዊ ቪዛ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው።

"የሊፍት ሥራ አለ፣ የቪዛና የትኬት ክፈል" የሚል ደላላ ካጋጠመ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ጉዞ ወጪን በአሠሪው ላይ ነው የጣለው።

በአህጉራችንም ሊፍት አለ። ከእነዚህ አንዱ የሚገኘው በሌሶቶ የማሉቲ ተራሮች፣ አፍሪስኪ በተባለው መዝናኛ ነው። ወቅቱ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይዘልቃል፤ በቁረይሻ ዝናብ ጥሎ ሰሊጥ የሚዘራበትና የሚታረምበት ጊዜ ነው።