ኢርክ በርቷል ወይስ ጠፍቷል?

ኢርክ የሚባለው ፕሮቲን ከሰው ሕዋስ ውስጥ አይታጣም፤ ስለዚህ «አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ብዙም አይጠቅምም። ጥያቄው ሥራ ላይ ነው ወይስ ተኝቷል የሚለው ነው።

ኢርክ ካይኔዝ ነው። ካይኔዝ ፎስፌትን ኤቲፒ ከተባለው ሞለኪውል ወስዶ ሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም ሲሆን፣ ሰው ከ500 በላይ ዓይነት አለው። «እደግ፣ ተከፋፈል» የሚል መልእክት ሕዋሱ ሲደርሰው ራፍ የተባለው ካይኔዝ ሜክ የተባለውን፣ ሜክ ደግሞ ኢርክን ፎስፌት እየለጠፉባቸው ይቀሰቅሳሉ። ግማሽ ያህል በሚሆኑት የሜላኖማ ካንሰሮች ቢራፍ የተባለው የራፍ ዓይነት ተበላሽቶ ሰንሰለቱ እንደበራ ይቀራል።

ኢርክ መብራቱን የሚያሳየው ዌስተርን ብሎት የተባለው ዘዴ ነው። ስሙ ከቀልድ የመጣ ነው። ኤድዊን ሳውዘርን በ1975 ዲኤንኤ የሚፈለግበትን ዘዴ አወጣና ዘዴው በስሙ ተጠራ፤ ሳውዘርን በእንግሊዝኛ «ደቡባዊ» ማለት ነውና የአርኤንኤው ኖርዘርን («ሰሜናዊ») ተባለ። የፕሮቲኑን ሃሪ ቶውቢንና ባልደረቦቹ ባዝል ላይ ሠርተው በ1979 አሳተሙ፤ ዌስተርን («ምዕራባዊ») ያለው ግን በ1981 የሲያትሉ ኒል በርኔት ነው።

ሥራው በረዶ ላይ ይጀመራል። ሕዋሱ ሲፈርስ ፎስፌት የሚነቅሉ ኢንዛይሞችም ስለሚለቀቁ፣ ማገጃ ካልተጨመረ በርቶ የነበረው ኢርክ እዚያው ይጠፋል። ፕሮቲኖቹ ከዚያ ጄል ውስጥ በኤሌክትሪክ ይሮጣሉ፤ ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይዘገያል። በመጨረሻ ወደ ስስ ሽፋን ይሻገራሉ።

ፀረ እንግዳ አካሉ፣ በቤተ ሙከራ ቋንቋ አንቲቦዲው፣ ባዶ ቦታ ላይ እንዳይጣበቅ ሽፋኑ አስቀድሞ በፕሮቲን ይነከራል። ብዙዎች ተራ የዱቄት ወተት ይጠቀማሉ። ችግሩ የወተቱ ኬሲን ራሱ ፎስፌት ተሸካሚ መሆኑ ነው፤ ፎስፌት ለሚፈልግ አንቲቦዲ ከላም ደም የሚገኘው አልቡሚን ይመረጣል።

የመጀመሪያው አንቲቦዲ ፎስፌት የተለጠፈበትን ኢርክ ብቻ ይይዛል። ሁለተኛው ያንን አንቲቦዲ ይዞ፣ በተሸከመው ኢንዛይም ብርሃን ያስወጣል። ለሰዓታት ሴረም የተነፈገ ሕዋስ ኢጂኤፍ የተባለው የ«እደግ» መልእክተኛ ሲሰጠው፣ በ5 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በ44 እና በ42 ኪሎዳልተን ሁለት መስመሮች ደምቀው ይወጣሉ፤ ኢርክ 1 እና ኢርክ 2 ናቸው።

ግን መስመሩ የደመቀው ናሙናው ስለበዛም ሊሆን ይችላል። አንባቢ የጥናት ጽሑፍ ሲያገኝ፣ ፎስፌት ከተለጠፈበት ኢርክ (ፎስፎ-ኢርክ) መስመር ሥር የጠቅላላ ኢርክ መስመር መኖሩን ይመልከት። ከሌለ፣ ምስሉ ኢርክ መብራቱን አላረጋገጠም።